መቼ ነው የጠየቁኝ?

ባለፈው ግንቦት አንዲት የሃያ ዓመት ወጣት አራት ኪሎ ወደሚገኘው መሥሪያ ቤቴ መጣች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ከግንፍሌ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ በነበረ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ስሠራ የማውቃት ልጅ ናት። ለመታወቂያ ጉዳይ የልደት ማስረጃ ሲጠይቋት ፋይሏን ፈልጋ፣ አስፈልጋ፣ በስንት ደጅ ጥናት ቅጂውን አግኝታለች። እኔን የፈለገችኝ ግን ለማስረጃው አልነበረም። ከቴርሞስ ሻይ ቀዳሁላት፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምሬ ከፊቷ አስቀመጥኩና ተቀመጥኩ።

ሦስተኛውን ገጽ ገልጣ ጣቷን አሳረፈችበት። «የሕፃኑ/ኗ አስተያየት» ይላል ቅጹ። ከጎኑ አንድ መስመር ነጠብጣብ አለ። በነጠብጣቡ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ፈቃደኛ ናት» ተብሎ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ልካድ ብል እንኳ ከሥሩ ፊርማዬ አለ።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የጠየቁኝ?» አለችኝ።

ቁጣ አልነበረባትም። የደረሰኝ ቀን እንደሚያጣራ ሰው ነበር አጠያየቋ። እኔ ግን መልስ ስላልነበረኝ ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ወንድሟ ጠየቅኋት። ዕድሜ ለጨዋታ፣ ጉዳዩን አለሳለስኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ያቺ መስመር ከራሴ አልወጣ ብላኛለች።

ስለ መስመሯ ላስረዳ። ማሳደጊያው በየሳምንቱ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የጉዳይ ስብሰባ ነበረው። ኃላፊዋ፣ ነርሷ፣ እኔ፣ አንዳንዴም ከወረዳ የሚመጣ ሰው እንቀመጣለን። ፋይሎች ይከፈታሉ፤ ማን ከዘመድ ጋር ይቀላቀል፣ ማን ወደ ሌላ ማሳደጊያ ይዛወር፣ ማን ልጅን ለጊዜው ተቀብሎ ለሚያሳድግ የአደራ ቤተሰብ ይሰጥ የሚለው ይወሰናል። ልጆቹ በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ናቸው። ሳቃቸውና ጠባቸው በመስኮቱ ይገባል፤ ጩኸታቸው ሲበዛ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ መስኮቱን ይዘጋል። ቅጹን የምሞላው እኔ ነበርኩ። ለክትባትና ለሕክምና ታሪክ ግማሽ ገጽ፣ ለልጁ ሐሳብ አንድ መስመር። በሦስት ዓመት ውስጥ «ፈቃደኛ ነው» እና «ፈቃደኛ ናት» ብዬ የጻፍኩባቸውን ጊዜያት መቁጠር አልችልም። አንዱን ግን አልረሳውም፤ ፈቃደኛ ነው ያልኩት ልጅ የስምንት ወር ሕፃን ነበር። ማንም አላረመኝም፤ ሁላችንም ፈርመንበታል።

ክፋት አልነበረኝም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። አባቴ ከስድስት ኪሎ አካባቢ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ ሲያዛውረኝ የሰማሁት አዲሱን ዩኒፎርም ስለካ ነው። ስለ ማሳደጊያ ልጆች ተሳትፎ በተነሣ ቁጥር አንድ የሥራ ባልደረባችን «እኛንስ ማን ጠየቀን? አላደግንም እንዴ?» ይል ነበር። ለረጅም ጊዜ ይህ ንግግር እኔንም አሳርፎኛል። መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ እናቴን ሳስብ ነው።

እናቴ አትጠይቀኝም ነበር፤ ነገር ግን ታውቃለች። እንጀራውን በልቼ ወጡን ስተው ትምህርት ቤት ተመትቼ እንደመጣሁ ይገባታል። በር አከፋፈቴን ሰምታ «ምን ሆነሃል?» ትላለች። ሳልናገር የሚሰማኝ ሰው ያለበት ቤት ነበረኝ። በማሳደጊያ ግን ሞግዚቶቹ በፈረቃ ይቀያየራሉ። የጠዋቷ የልጁን ኩርፊያ አይታ ሳትጨርስ የማታዋ ትተካለች። አንዲቷ ለአሥራ አምስት ልጅ ናት። ደመወዙ አነስተኛ ስለሆነ ትንሽ የተሻለ ያገኘች ትለቃለች፤ ልጁን ለማወቅ የወሰደባት አንድ ዓመት አብሯት ይወጣል። በእንዲህ ያለ ቤት ያልተጠየቀ ነገር አይታወቅም። እኛ በቤታችን ሳንጠየቅ ብናድግ የጠፋብን ብዙ ላይሆን ይችላል። ለእነሱ ግን የእናትን ዓይን የሚተካ ሌላ ነገር የለም፤ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው ያለው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ወንድሟ ሰባት ሊሞላው ነው። የቤቱ ደንብ ሰባት የሞላው ወንድ ልጅ ወደ ወንዶች ማሳደጊያ ይዛወራል የሚል ነው። በዕድሜና በጾታ መለየት በብዙ ማሳደጊያዎች የተለመደ አሠራር ስለሆነ ክርክር አልተነሣም። ማክሰኞ ተወሰነ፤ ሐሙስ መኪና መጣ። «ፈቃደኛ ናት» የተጻፈው ለወንድሟ መዛወር እንደ ታላቅ እህት ስምምነቷን ለመግለጽ ነው። እሷ በዚያ ሐሙስ ትምህርት ቤት ነበረች። ስትመለስ አልጋው ተነጥፎ አንሶላው ተነሥቷል።

ከሁለት ወር በኋላ ልጁ መብላት ቀነሰ፣ አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ፣ ከሳ። ክሊኒክ ተወሰደ። የሰገራ ምርመራ፣ የደም ምርመራ ተደረገለት፤ ውጤቱ ምንም የለበትም የሚል ነው። ስብሰባችን ላይ ነርሷ ትል ይሆናል ብላ መድኃኒት አዘዘች።

አንድ የጾም ረቡዕ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ልጅቷን ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጠጠሩን በአውራ ጣቷ ወደ ዳር እየገፋች። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ከጎኗ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እኔም መልቀም ጀመርኩ። እሷ ትለቅማለች፤ እኔ ያለፈችኝን ጠጠር እያየሁ ዝም እላለሁ። እንዲህ ብዙ ቆየን። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «እዚያ መብራት ያጠፋሉ?» አለች።

«የት?»

«ወንድሜ ያለበት። እሱ ጨለማ አይችልም። እዚህ መብራት ሲጠፋ እጄን ይዞ ነው የሚተኛው። ለማታዋ እቴቴ ነግሬያት ነበር።»

የማታዋ ሞግዚት አውቃ ኖሯል። ለማንም አልተናገረችም፤ እሷንም የጠየቃት ሰው ስላልነበረ። የማክሰኞው ስብሰባ ቀን ላይ ነው፤ እሷ የምትገባው ማታ ነው። ልጁ በተዛወረበት ቤት ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን መብራት ይጠፋል። በማግስቱ ስልክ ደወልኩ፤ የኮሪደሩ አምፖል እንዲበራ፣ የልጁም አልጋ ከበሩ አጠገብ እንዲሆን ተስማሙ። ተአምር አልሆነም። አልጋ ላይ መሽናቱ ለመቆም ክረምቱን ሁሉ ፈጅቷል። ነገር ግን አራት ዐዋቂ ሰዎች፣ አንድ ነርስና አንድ ላቦራቶሪ ያላወቁትን ነገር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ምስር እየለቀመች ነገረችኝ። ስለ ተሳትፎ ሲወራ ለልጁ ውለታ እንደምንውልለት አድርገን የምናወራው ነገር ያሳቅቀኛል። የሚጎድለው መረጃ ያለው እሱ ዘንድ ነው።

ዋናው ጥፋት ግን አምፖሉ አይደለም። ከነጭራሹ መለያየት ነበረባቸው ወይ? የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2002 መጀመሪያዎቹ ወራት የተቀበለው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ፣ ቁርኝት ያላቸው ወንድማማቾችና እኅትማማቾች በመርሕ ደረጃ መለያየት እንደሌለባቸው፣ ከተለያዩም ግንኙነታቸው እንዳይቋረጥ ጥረት መደረግ እንዳለበት ይናገራል። ይህን ያኔ አላነበብኩትም ነበር። ስብሰባው ላይ ከነበርነው መካከል ያነበበም ያለ አይመስለኝም።

ኋላ ላይ ማንበብ ስጀምር የገረመኝ ሕጉ አለመጉደሉ ነው። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ጸድቋል። አንቀጽ 12 የራሱን አመለካከት መቅረጽ የሚችል ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን በነፃነት የመግለጽ መብት እንዳለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ተገቢው ክብደት እንዲሰጠው ያዛል። ልጁ ይወስን አይልም፤ ይመዘንለት ነው የሚለው። የመናገሪያ ዝቅተኛ ዕድሜም አላስቀመጠም። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ደግሞ በ1982 የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 194 ላይ፣ ፍርድ ቤት የጉዲፈቻ ስምምነትን ከማጽደቁ በፊት ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ልጁ ራሱ ስለ ጉዲፈቻው ያለው አስተያየት ነው። ልደታ ባለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልጁ ከችሎቱ ፊት ሳይቆም በተለየ ክፍል ሆኖ ቃሉን የሚሰጥበት፣ ዳኞቹ በቴሌቪዥን የሚከታተሉበት አሠራር አለ። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ የአደራ ቤተሰብና ከዘመድ ጋር ማቀላቀል የበለጠ ክብደት አግኝተዋል።

ሕጉ እስከ ችሎቱ በር ድረስ ይደርሳል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከሚደረግ ስብሰባ ግን አይገባም። የአብዛኞቹ ልጆች ዕጣ የሚወሰነው ደግሞ ዳኛ ባለበት አይደለም።

ይህ ልማድ ከየት መጣ ስል ብዙ ጊዜ አበበች ጎበናን አስባለሁ። በ1972 ወደ ግሸን ማርያም ሲሄዱ በረኃብ የሞተች እናቷን ጡት ለመጥባት ስትታገል ያገኟትን ሕፃን አንሥተው ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ እልፍ ልጆችን ያሳደጉት እናት። እንዲያ ባለ ሰዓት ልጅን «ምን ትያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መነሣት ነው። ከማሳደጊያዎቻችን ብዙዎቹ በረኃብ፣ በጦርነትና በኤድስ ዘመን ለነፍስ ለመድረስ የተከፈቱ ናቸው። ችግሩ ነፍስ ከዳነች በኋላም ለዓመታት በዚያው በነፍስ አድን መንፈስ መቀጠላችን ነው። የሁለት ቀን ረኃብተኛ አይጠየቅም፤ ስምንት ዓመት አብሮን የኖረ ልጅስ?

ጠይቀናል የምንልበት ጊዜ ደግሞ አለ፤ እሱ ይብሳል። በየዓመቱ ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ይከበራል። እኛም ጋ ድንኳን ይጣላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ እንግዶች ይመጣሉ፣ ልጆቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ይዘምራሉ። መዝሙሩን የመረጥነው እኛ ነን። «የልጆች ተወካይ» የሚያነበውን ንግግር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ «ተጠቃሚነታችንን በዘላቂነት» የሚለው ላይ ሦስት ጊዜ ተደናቅፏል። ቀኑ የሚታሰበው ግን ለምን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1976 በደቡብ አፍሪካ የሶዌቶ ተማሪዎች ሳይጠየቁ በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲማሩ መወሰኑን ተቃውመው ወጥተው በጥይት የወደቁበት ነው። ሳይጠየቁ ስለተወሰነባቸው የሞቱትን ልጆች እኛ ሳንጠይቅ በመረጥነው መዝሙር እናስባቸዋለን። ሮጀር ሃርት የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ በስምንት እርከን መሰላል አስቀምጦታል፤ የታችኞቹን ሦስቱን ተሳትፎ አይላቸውም። ከነዚህ አንዱ ልጆችን ለጌጥ ማቆም ነው። ሳነበው ቲሸርቶቹ ትዝ አሉኝ። ቢጫ ነበሩ።

የአደራ ቤተሰብ የሚለውን ስም ወድደዋለሁ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ዕቃ በአደራ የተቀበለ ሰው ቦታ ሊቀይርለት ሲፈልግ ባለቤቱን ይጠይቃል። የልጅ አደራ ላይ ስንደርስ ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይጠፋብናል፤ ወረዳው ነው? ድርጅቱ ነው? ካዛንቺስ ከነበረ የአደራ ቤተሰብ ጋር ይኖር የነበረ የአንድ ልጅ ታሪክ አለ፤ የሰማሁት ከአሳዳጊ እናቱ ነው። ሁለት ዓመት ከእነሱ ጋር ኖሯል፤ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። በ2017 የካዛንቺስ ቤቶች ሲነሡ ባልና ሚስቱ ከብዙ ጎረቤቶቻቸው ጋር ከከተማው ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ሄዱ። ጉዳዩን የያዙት ሰዎች ተሰብስበው ልጁ ከትምህርት ቤቱ እንዳይፈናቀል ብለው መሀል ከተማ ወዳለ ማሳደጊያ መለሱት። ምክንያቱ ሲነበብ ያማረ ነው፤ እኔም ብሆን የምጽፈው ያንኑ ነበር። ወራት አለፉ። አንድ ቀን እትዬ ሊጠይቁት ሄደው፣ «መቼስ ትምህርት ቤትህን ስለምትወደው ነው» ቢሉት፣ «እኔ? እጠላዋለሁ እኮ!» አላቸው። ኳስ ሜዳ የለውም፣ የሒሳብ መምህሩ ይቆነጥጣሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእርስዎ ጋር መሄድ ነበር የፈለግሁት። ሲነግሩኝ ይስቃሉ፣ ወዲያውም ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ነገሩ ተስተካክሎ ወደ እነሱ የተመለሰው ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው።

ልጅ የጠየቀው ሁሉ ይሁን ማለቴ አይደለም። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መርካቶ አካባቢ ወዳለችው አክስቷ ቤት ልመለስ አለች። አክስትየዋ ከትምህርት አስቀርታ እንደ ሠራተኛ ስታሠራት የኖረች ሴት ናት። ከምስሩ ወዲህ ስለነበረ ይህችኛዋን በእውነት ጠይቄያታለሁ፤ መልሷም ግልጽ ነበር። አንልክሽም አልናት። ልዩነቱ ይህን የሰማችው ከእኔ አፍ፣ ፊት ለፊት፣ ከነምክንያቱ መሆኑ ብቻ ነው። «ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?» ብላ ተነሥታ ወጣች። ሦስት ሳምንት ሰላም አላለችኝም። በአራተኛው ሳምንት መጥታ፣ አክስቷ እሑድ እሑድ ግቢው ድረስ እየመጣች ብትጠይቃት ምን ችግር እንዳለው ጠየቀችኝ። ምንም አልነበረውም። እንዲያውም ለምን እኛ አላሰብነውም አልኩ። እሑዶቹ ቀጠሉ። አክስትየዋ አንዳንዴ ብርቱካን ይዛ ትመጣለች፤ አንዳንዴ ትቀራለች፣ የቀረችባቸው እሑዶች ከባድ ነበሩ። ያንን ውሳኔ ዛሬ ድረስ ልክ ነበር ብዬ አልምልበትም። ልጅቷ ግን ስለ ራሷ የተወሰነውን ታውቅ ነበር፤ ለመከራከርም በር ነበራት። ከመቶ «ፈቃደኛ ናት» ያቺን አንዲት «ፈቃደኛ አይደለችም» እመርጣለሁ። በቅጹ ላይ የጻፍኩት እሱን ነበር፤ መስመሯ አልበቃ ብላኝ ምክንያቷን ከጀርባው ቀጠልኩ። ኃላፊዋ ቅጹን አበላሸኸው አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሳልቆይ ሥራውን ለቀቅሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ የተሻለ ደመወዝ አግኝቼ ነው፤ እንደ ሞግዚቶቹ። በሦስት ዓመት ስለ ልጆቹ ያወቅሁትን ይዤ ወጣሁ። የወጣሁበትን ቀንም ለልጆቹ አልነገርኳቸውም፤ እንዳያለቅሱ በሚል።

እንግዲህ ግንቦት ላይ የመጣችው ልጅ ይህን ሁሉ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ አንድ ቀን ነው፤ ቀኑ ደግሞ የለም። ጨዋታውን ሳለሳልስ ቆይቼ በመጨረሻ፣ «አልጠየቅሁሽም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ምናልባት ጠይቀውኝ ረስቼው እንደሆነ ብዬ ነው።»

ወንድሟ አሁን አሥራ ስድስት ሊሆነው ነው። ከእሷ ጋር ነው የሚኖረው፤ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። አሁንም መብራት ሳይበራ አይተኛም። ቆጣሪው ከአከራይዋ ጋር የጋራ ስለሆነ በየወሩ ጭቅጭቅ አለ። «ሴትዮዋ ሌሊቱን ሙሉ ልብስ የምንሰፋ ነው የሚመስላት» አለችና ሳቀች። ቅጂውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እስከ በሩ ሸኘኋት፤ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ሙሉ ብርጭቆ ስታይ ዘወር አለች።

«ስኳር አልወስድም ጋሼ» አለች፤ «ያኔም አልወስድም ነበር።»